የተጠረበ ድንጋይ ለምን ቆመ?

በዋግ ምድር ተወልዶ ላደገ ሰው ድንጋይ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤታችን የሚሠራው በድንጋይ፥ እህላችንም የሚፈጨው በድንጋይ ነው። ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ የዝቋላ ልጆች ይህን ሁሉ እያየንና እየሰማን አደግን፤ ነገር ግን ሰው ለመኖሪያውና ለወፍጮው የማያስፈልገውን ድንጋይ ጠርቦ ያቆመው ስለ ምን እንደ ሆነ የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

የመጀመሪያው ምክንያት ሞት ነው። በአክሱም ከሐውልቶቹ ሥር የመቃብር ክፍሎች ተገኝተዋል። ከሁሉ የሚበልጠውና ወድቆ የሚታየው ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ነው። ጠራቢዎቹ በር፥ መስኮትና ፎቅ ቀርጸውበታል፤ በሩ ግን የማይከፈት የድንጋይ በር ነው። በሶዶ አገር በጢያ ደግሞ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ከሥራቸው በተቆፈሩት መቃብሮች የወጣቶች አጽም ተገኝቷል። ይህን ስናነብ ጥቂት ዝም አልን፤ እኛም ወጣቶች ነንና።

ሁለተኛው ምክንያት አምልኮና ሥልጣን ነው። ግብፃውያን ረጃጅም ሐውልቶችን በቤተ መቅደሳቸው ደጃፍ ለፀሐይ አምላክ ያቆሙ ነበር፤ የንጉሡንም ስም ይቀርጹባቸው ነበር። የሮማ ቄሣሮች ግብፅን በያዙ ጊዜ ከነዚህ ብዙዎቹን በመርከብ ወሰዱ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት መንግሥት ከአክሱም 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሐውልት ወደዚያችው ከተማ አጋዘ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ግዴታ ገባች፤ ሐውልቱ ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በቦታው ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ድል አድራጊ ወርቅ ቢወስድ አያስደንቅም። ድንጋይ የሚወስደው ግን ድንጋዩ የሌላውን ሕዝብ ታላቅነት ስለሚመሰክርበት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መታሰቢያ ነው። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ድሉን በግእዝ፥ በሳባና በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ አስጽፏል፤ የአገሩ ሰውም ነጋዴውም እንዲያነበው አስቦ ይመስለናል። በሩቁ በራፓ ኑይ ደሴት የሚኖሩ ሰዎች የአባቶቻቸውን ምስል ጠርበው፥ አብዛኞቹን ፊታቸውን ወደ መንደሩ አድርገው አቆሙ። ኢያሱም ከዮርዳኖስ 12 ድንጋይ አስወጥቶ ሲያቆም፥ ልጆች ወደፊት ትርጉሙን ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው አዟል። እንግዲህ ድንጋዩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ያስፈልጋሉ።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ባንድ ወቅት ለጉብኝት ሄደን ከመካከላችን አንዳንዶቹ በአንድ አሮጌ የተጠረበ ድንጋይ ላይ ስማቸውን በሚስማር ጫሩ፤ ሌሎቻችንም ቆመን ሳቅን። አንድ ሽማግሌ አይተውን «ልጆቼ፥ ይህን ሰው ቀድማችሁ ብታውቁት ኖሮ ስማችሁን ባልጻፋችሁበት» አሉን። አልተቆጡም፤ እኛ ግን እጅግ አፈርን። እንደ ነገሥታቱ ስማችን እንዲቀር ፈልገን ነበር፤ ያደረግነው ግን የሌላውን ስም መፋቅ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች ተከታዮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ወደ ቀዬአችሁ ስትመለሱ ሚስማር ሳይሆን ደብተር ያዙ። የየመንደሩን ድንጋይ ታሪክ ከአረጋውያን ጠይቃችሁ፥ በአማርኛም ሆነ በኽምጣና፥ ሳይረሳ ጻፉት። ድንጋዩ ይቆያል፤ ትርጉሙን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ግን አይቆዩልንም።