ከ26 ዶላር ተኩል የተነሣ የበጎ አድራጎት ገንዘብ

ሰው ለችግረኛ ገንዘብ ሲያዋጣ ሁለት ነገር ያሳስበዋል። አንደኛው «የእኔ ጥቂት ገንዘብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የሰጠሁት ከታሰበለት ቦታ ይደርሳልን?» የሚል ነው። የሮታሪ ማኅበር የበጎ አድራጎት ድርጅት ታሪክ ለሁለቱም መልስ ስላለው፥ ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶኛል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሮታሪ በ1905 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በጠበቃው በፖል ሃሪስና በሦስት ባልንጀሮቻቸው ተመሠረተ። ስሙም የወጣለት አባሎቹ በየመሥሪያ ቤታቸው በዙር ይሰበሰቡ ስለ ነበረ ነው። በ1917 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት አርች ክለምፍ በአትላንታ ጉባኤ ላይ፥ በዓለም በጎ ሥራ የሚሠራበት ቋሚ ገንዘብ እንዲቋቋም አሳብ አቀረቡ። ከካንሳስ ሲቲ ክለብ የመጣው የመጀመሪያው ስጦታ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። እስከ 1928 ድረስም የተጠራቀመው ከ5,000 ዶላር እምብዛም አልበለጠም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ገንዘቡ ከማኅበሩ የዕለት ወጪ ተለይቶ በባለአደራዎች እጅ የሚጠበቅ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። በ1930ም የመጀመሪያው 500 ዶላር አካለ ስንኩላን ሕፃናትን ለሚረዳ ማኅበር ተሰጠ። በ1947 ፖል ሃሪስ ሲሞቱ አባሎቹ ለመታሰቢያቸው ብዙ ገንዘብ ስለ ላኩ፥ 18 ተማሪዎች በውጭ አገር እንዲማሩ ለማድረግ ተቻለ።

የገንዘቡ አያያዝ እንዲህ ነው። አባሎች በየዓመቱ ለዓመታዊው ገንዘብ የሚሰጡት ወዲያው አይወጣም፤ ሦስት ዓመት ያህል ወለድና ትርፍ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ያህሉ ሰጪዎቹ ላሉበት አውራጃ ይመለስና እነርሱ ለመረጡት ሥራ ይውላል፤ ከቀረው አብዛኛው ለዓለም አቀፉ ገንዘብ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣ ቋሚ ገንዘብ አለ። እርዳታ የተቀበለ ክለብም ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው ሪፖርት ማቅረብ አለበት።

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት የተደረገው ነው። በ1979 በፊሊፒንስ 6 ሚሊዮን ሕፃናትን ለመከተብ ተጀመረ፤ በ1985 ሥራው ለዓለም ሁሉ ሆነ፤ በ1988ም መንግሥታትና የዓለም ጤና ድርጅት ተባበሩበት። በዚያን ጊዜ በዓመት 350,000 ያህል ሰዎች በበሽታው ይያዙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ከመቶ 99 እጅ በላይ ቀንሷል። በአገራችንም ኢትዮጵያውያን ሮታሪያኖች ከአሜሪካ ከመጡ ጓደኞቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ለሕፃናት ጠብታ ሰጥተዋል። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ነፃ መሆንዋ ተረጋገጠ። በሽታው ግን ከዓለም ጨርሶ ስላልጠፋ ሥራው አላለቀም።

«ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እኛም ተማሪዎች በየክፍላችን ለተቸገረ ጓደኛ ስናዋጣ፥ የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ጽፈን ለሰጪዎቹ ብናነብላቸው፥ ዘንድሮ ሃያ አምስት ሳንቲም የሰጠ ለከርሞም ደስ ብሎት ይሰጣል።