የክሪስቶፈር ወረቀት

እስቲ ጠጋ በሉ። የምተርክላችሁ የኦክላንድን ነገር ነው፤ በቴሌግራፍ ጎዳናዋ ላይ የኛ ሰው እንጀራ ቤቶች ያሉባትን፣ የካሊፎርኒያዋን ኦክላንድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በዚያ አካባቢ ክሪስቶፈር ሊ የሚባል ሰው ነበር። ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዘገበ፤ ራሱን ያወቀውም የኖረውም ግን ወንድ ሆኖ ነው። ትራንስጀንደር የሚባለው ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ ግንባራችሁን ስትቋጥሩ ይታየኛል። ቋጥሩት፣ ግድ የለም፤ ጆሯችሁን ብቻ አትንፈጉኝ።

ሰውዬው ፊልም ሠሪ ነው፤ ያውም ደፋር፣ ሌላው በሹክሹክታ የሚያወራውን አደባባይ የሚያወጣ። ሲኒማው የሱን ዓይነት ሰዎች ባብዛኛው ወይ መሳቂያ ወይ ሟች አድርጎ ሲያሳይ፣ በ1997 ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ እነሱ ራሳቸው የሠሯቸው ፊልሞች የሚታዩበት ፌስቲቫል ሳን ፍራንሲስኮ ላይ መሠረተ። በ2002 ደግሞ በከተማዋ ታላቅ የፕራይድ ሰልፍ ከፊት ከሚሄዱት የክብር መሪዎች አንዱ ሆነ። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ወንድ ነበር ልበላችሁ።

በ2012 ዲሴምበር ላይ ሞተ።

እድር ባለበት ላደግን ሰዎች ጓደኛ ማለት ቀባሪ ነው። ድንኳኑን ይተክላል፣ ሬሳውን ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፤ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቢሮ ግን ሌላ ነው። የክሪስቶፈር ጓደኞች ቀብሩን ሲያሰናዱ የሞት የምስክር ወረቀቱ መጣ። ጾታ በሚለው ቦታ ምን ቢጻፍ ጥሩ ነው? «ሴት»። መንጃ ፈቃዱ እኮ ወንድ ይላል! አስከሬን መርማሪው የጻፈው ግን ገላውን አይቶ ነው። ለማያውቀው ሰው ልብ የማትባል አንዲት ቃል ናት፤ ለጓደኞቹ ግን ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተበት ነገር አፉ ከተዘጋ በኋላ ተፈረደበት። ይግባኝ እንዳይል ሞቷል።

ጓደኞቹ አለቀሱ፤ ግን አልቅሰው ቤታቸው አልገቡም። ነገሩን ይዘው ወደ ሕግ ሰዎች ሄዱ፤ የትራንስጀንደር የሕግ ማዕከል የተባለው ድርጅትም አብሯቸው ቆመ። በ2014 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑት ቶኒ አትኪንስ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ፣ አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን ፈረሙ፣ ሕጉም ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከሞት በኋላ የመከበር ሕግ ነው የሚሉት።

አሁን ሕጉ የሚሠራበትን ልንገራችሁ፤ ወዙ እዚያ ነው። ወረቀቱን የሚሞላው ሹም የሟቹን ጾታ የሚጽፈው ሰውዬው በኖረበት፣ የሚያውቀውም ሰው በነገረው መሠረት ነው። ክርክር ከተነሣ ሰነድ ይቀርባል፦ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የሕክምና ማስረጃ። ሰነዱ ከተገኘ አባትም ቢቆጣ፣ እኅትም ብታለቅስ ሰነዱ ይረታል።

ሰነድ ከሌለስ? እዚህ ላይ እኔን ቅር ይለኛል። ያን ጊዜ የሚጸናው አስከሬኑን ለመቅበር ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ቃል ነው፤ እኩል ሥልጣን ያላቸው ብዙ ከሆኑም የአብዛኞቹ። ብዙውን ጊዜ ደግሞ እነሱ ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ምናልባትም በቁሙ አናውቅህም ብለው በሩን የዘጉበት። ሃያ ዓመት አብሮ የበላው ጓደኛ ዳር ቆሞ ያያል።

መላ ግን አለው። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ የሕክምና ውክልና ጽፎ ጓደኛውን መሾም ይችላል። ሁለት ምስክር ይፈርምበታል፣ ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይረጋገጣል። ያ ወኪል፣ ውክልናው ካልከለከለው በቀር፣ ስለ ቀብሩ ለመወሰን ከትዳር ጓደኛም፣ ከልጅም፣ ከወላጅም ይቀድማል።