በራስ መብራት የሰውን መጽሐፍ ስለ ማንበብ

መጽሐፍ እንደ እንግዳ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ በደጃችን ሲቆም ስሙንና አገሩን፥ የመጣበትንም ጉዳይ እንጠይቀዋለን፤ ሃይማኖቱ ከሃይማኖታችን ይለያል ብለን ግን በር አንዘጋበትም። እርሱም በበኩሉ የገባበትን ቤት ልማድ አክብሮ ይቀመጣል እንጂ ባለቤቱን ከቤቱ አያስወጣም። ይህን ሕግ የወለጋ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ የመጣውን ሰው ሃይማኖት አስቀድሞ የሚመረምር የለም። ለሰው የምናደርገው ይህ መስተንግዶ ለመጽሐፍም የሚገባ መሆኑን ለወጣት አንባቢዎቼ በታሪክ ላስረዳ አስቤአለሁ። የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የኦርቶዶክስ ልጅ፥ የመካነ ኢየሱስ ልጅና የሙስሊም ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንዱን መጽሐፍ ይገልጣሉ። የቀድሞው የወለጋ ግዛት እስከ አሶሳ ይደርስ ስለ ነበረ ከዚያ ወገን የመጡ ልጆች፥ እንዲሁም በየከተማው ገበያ የሚነግዱ ሙስሊሞች ልጆች ከእኔ ዘንድ ተምረዋል። እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ በእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያስታውስ ቃል ባገኘሁ ጊዜ በቤቴ እንዳለሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። የሙስሊሙ ልጅ ግን ያንኑ ገጽ ሲያነብ በሰው ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ይሆናል። እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? ሃይማኖትህን በር ላይ ትተህ ግባ ይበለውን? ወይስ በሃይማኖቱ መብራት እንዲያነብ ይፍቀድለት?

በዚህ ነገር ከሁለት ወገን የሚመጣ ፍርሃት አለ። አንድ ጊዜ በነቀምቴ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ወደ እኔ መጥተው፥ «መምህር፥ ልጄ እንግሊዝኛውን ይማር፤ ቋንቋው ለሥራው ይጠቅመዋል። ነገር ግን ያልሆነውን ሆነ እያለ የመጠጥና የፍቅር ወሬ የሚያወራ መጽሐፍ ለምን ያነባል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «ሐጂ፥ ይህ ንግግርዎ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም፤ እኔን ያሳደጉኝ የሚስዮን ሽማግሌዎችም ልብ ወለድ ውሸት ነው፥ ቴያትርም የዓለም ነገር ነው ይሉን ነበር» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ሣቁ። ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ልጅ የሚያነበው ነገር ልቡን ይሠራዋልና። ሆኖም እነዚያው ሽማግሌዎች የእንግሊዛዊውን የጆን ቡንያንን የክርስቲያን ጉዞ በእጃችን ይሰጡን ነበር፤ እርሱም በ1678 የታተመ፥ በሕልም የተመሰለ ልብ ወለድ ነው። በሙስሊሞችም ዘንድ ከሊላና ዲምና የተባለው የእንስሳት ምሳሌ በስምንተኛው መቶ ዘመን በኢብን አልሙቀፋ እጅ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ የመሳፍንት ምክር ሆኖ ኖሯል። ይህንኑ መጽሐፍ በ1570 ቶማስ ኖርዝ ከጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። እንግዲህ በምሳሌ ማስተማርን የሁለቱም ወገን አባቶች አልጠሉትም።

አገራችን በዚህ ጉዳይ አሮጌ ታሪክ አላት። በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ወደ አክሱም ንጉሥ በመጡ ጊዜ፥ የሙስሊም አባቶች እንደሚተርኩት፥ ንጉሡ የከሳሾቻቸውን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ ሲያነብለት በትዕግሥት አደመጠ፤ አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አሳልፌ አልሰጥም አለ። በዚህ ትረካ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ቃሉ የንጉሡን ልብ የነካው ንጉሡ አስቀድሞ ማርያምን ያውቃት፥ ይወድዳትም ስለ ነበረ ነው። የራሱ መብራት ባይኖረው ኖሮ የእንግዳውን ቃል በምን ባየው ነበር?

ከዚህ በኋላ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን አባ ዕንባቆም የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። ከዐረብ አገር የመጡ፥ በእስልምናም ያደጉ ሰው ሲሆኑ፥ በኢትዮጵያ ክርስትናን ተቀብለው መነኰሱ፤ የደብረ ሊባኖስም እጨጌ እስከ መሆን ደረሱ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም አገሩን በጦር በያዘበት ጊዜ፥ በ1540 ገደማ፥ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው ቁርኣንን እየጠቀሱ ተከራከሩት። በክርክራቸው ሙስሊም አንባቢ አይስማማ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰይፍ በነገሠበት ዘመን የተከራካሪን መጽሐፍ አንብቦ በመጽሐፍ መልስ መስጠት ለሁላችንም ትምህርት ነው።

እኒሁ አባት በ1553 ባራላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። የዚህ መጽሐፍ ጉዞ የሚያስደንቅ ነው። መጀመሪያው በሕንድ አገር የተነገረው የቡድሃ ታሪክ ነው፤ የንጉሥ ልጅ የዓለምን ከንቱነት አይቶ ቤተ መንግሥቱን እንደ ተወ ይናገራል። ታሪኩ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ ሙስሊሞች አነበቡት፤ ከዐረብኛ ወደ ጆርጅያ ቋንቋ፥ ከዚያም ወደ ግሪክና ወደ ላቲን ተሻግሮ የክርስቲያኖች መጽሐፍ ሆነ። በውስጡም አንድ ምሳሌ አለ። ንጉሥ አራት ሣጥን አሠራ፤ ሁለቱን በወርቅ ለብጦ የሙታን አጥንት ሞላባቸው፤ ሁለቱን በቅጥራን ቀብቶ ዕንቍ አኖረባቸው። መኳንንቱንም ዋጋቸውን ገምቱ አላቸው። እነርሱም በውጭ አይተው ፈረዱና ተሳሳቱ።

ይህ የሣጥን ምሳሌ በላቲን መጻሕፍት በኩል እንግሊዝ አገር ደረሰ፤ ዊልያም ሼክስፒርም በ1600 በታተመው የቬኒስ ነጋዴ በተባለው ቴያትሩ ውስጥ አስገባው። በዚያም የፖርሽያ እጮኞች ከወርቅ፥ ከብርና ከእርሳስ ሣጥን አንዱን ይመርጣሉ፤ የወርቁን የመረጠው የሞሮኮ መስፍን በውስጡ የራስ ቅል ያገኛል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ በግዕዝ የጻፉትና የለንደን ባለ ቅኔ በእንግሊዝኛ የጻፈው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ውኃውም ያለፈው በዐረብኛ ቦይ ነው። ሙስሊሙ ተማሪ ይህን ሲሰማ የሰው ቤት የመሰለው ቤት አያቶቹ ምሰሶ ያቆሙበት መሆኑን ይረዳል።

ይህንን ቴያትር በክፍል ውስጥ ስናነብ ሙስሊሞቹ ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው የሚያስተውሉት አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም የወለድ ጉዳይ ነው። ሻይሎክ አንቶንዮን ከሚጠላበት ምክንያት አንዱ አንቶንዮ ያለ ወለድ የሚያበድር መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ልጆች፥ «ባንክም ወለድ ይቀበል የለምን? ታዲያ ጠቡ ምንድር ነው?» ይሉ ነበር። ከአሶሳ ወገን የመጣ አንድ ልጅ ግን ተነሥቶ ቁርኣን አራጣን እንደሚከለክል፥ የተቸገረ ባለዕዳም ጊዜ ሊሰጠው እንደሚገባ አስረዳ። እኔም የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ይህንኑ ስትከለክል እንደ ኖረች፥ በ1571 በእንግሊዝ የወጣው ሕግም ከመቶ ዐሥር በላይ ወለድ የሚቀበለውን በብርቱ እየቀጣ ከዚያ በታች ያለውን በቸልታ ያልፍ እንደ ነበረ ነገርኋቸው። ከዚያም አንድ የገበሬ ልጅ ቡናው ገና በዛፍ ላይ ሳለ ገንዘብ ተበድሮ በመከር ጊዜ ቡናውን ለአበዳሪው በርካሽ ስለሚያስረክብ ሰው ተናገረ። ያን ጊዜ ቬኒስ ወደ ወለጋ መጣች። የሙስሊሙ ልጅ በሃይማኖቱ መብራት ስላነበበ መጽሐፉ ለሁሉ በራ።

ነገር ግን መብራት የራስን ጕዳት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ጎደሎ ነው። ያው ልጅ በሌላ ቀን በሞሮኮው መስፍን ነገር አዘነ። መስፍኑ ስለ ቆዳው መልክ ይናቃል፤ ሲሸነፍም ፖርሽያ ደስ ይላታል። «ይህ የእኛን ሰው መናቅ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን ሻይሎክ በፍርድ ቤት ሲዋረድ፥ ሃይማኖቱንም እንዲለውጥ ሲገደድ ከሌሎቹ ጋር ሣቀ። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ፥ «ለሞሮኮው መስፍን አዝነህ ለአይሁዳዊው ለምን ሣቅህ?» አለችው። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያም፥ «ልክ ነሽ፤ በግድ የተለወጠ ሃይማኖት ሃይማኖት አይደለም» አላት። በእስልምና ትምህርት ለፍትሕ መቆም በራስና በዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን ግዴታ ነው፤ በክርስትናም ለራስ የሚወድዱትን ለሌላው ማድረግ ሕግ ነው። ሁለቱ ሕጎች በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ለማየት በቃሁ።

የእንግሊዝ ድርሰት ለሙስሊሙ ዓለም ያለበት ዕዳ በሣጥኑ ምሳሌ አያበቃም። በ1400 የሞተው ባለ ቅኔ ቾሰር የካንተርበሪ ተሳላሚዎችን ሲያስተዋውቅ፥ ሐኪሙ ካነበባቸው ሊቃውንት መካከል አል ራዚን፥ ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን ይቈጥራል። በ1185 የሞተው ኢብን ጡፈይል በደሴት ላይ ብቻውን አድጎ በአእምሮው ፈጣሪውን ስለ ፈለገ ሰው ሐይ ኢብን የቅዛን የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ይህም በ1671 ወደ ላቲን፥ በ1708 በሳይመን ኦክሌይ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። የዳንኤል ዴፎ ሮቢንሰን ክሩሶ የታተመው በ1719 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ለተማሪ ታላቅ ጥቅም አለው፤ አንዱ በአእምሮ፥ ሌላው በንስሐና በመጽሐፍ ቅዱስ ወደ ፈጣሪ ይሄዳሉና። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ባወጣው፥ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ በመለሱት ራስላስ በተባለው ድርሰት ደግሞ አንድ የዐረብ አለቃ ፔኩዋ የተባለችውን ሴት ይማርካታል። ሰውየው ወርቅ ወዳድ ቢሆንም ክብሯን ይጠብቃል፤ የከዋክብትንም ስምና አካሄድ ያስተምራታል።

ይህን ስል በእንግሊዝ መጻሕፍት ውስጥ ስድብ የለም ማለቴ አይደለም። በመስቀል ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ የተጻፉ የጀግና ታሪኮች ሙስሊሞችን ጣዖት አምላኪዎች አድርገው ያወራሉ፤ ይህም ፈጽሞ ሐሰት ነው። መምህር እንዲህ ያለውን ገጽ መደበቅ የለበትም፤ ውሸቱንም እንደ ጌጥ ማሳመር የለበትም። ሐሰት መሆኑን በማስረጃ አሳይቶ ሰዎች ያላዩትን ጎረቤት እንዴት አድርገው በፍርሃት እንደሚሥሉት ያስተምርበት። እንዲህ ያለው ሥዕል በእያንዳንዱ ሕዝብ ቤት ይገኛልና፥ ተማሪው የራሱንም ቤት ግድግዳ እንዲመለከት ይምከረው።

በነቀምቴ የተደረገ አንድ ሥራም ለዚህ ምስክር ይሆነኛል። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው በምጽዋ ነጻ የወጡትና በስዊድን የተማሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 አሳተሙ፤ በ1904ም ወደ ነቀምቴ መጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1931 እስኪያርፉ ድረስም በዚያው ደከሙ። ነገር ግን እርሳቸውና እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጡት አስቴር ጋኖ በ1894 ያሳተሙት የንባብ መማሪያ በስብከት ብቻ የተሞላ አልነበረም። አስቴር በቃላቸው ይዘው ያቈዩትን የኦሮሞ ሕዝብ ተረትና ዘፈን፥ ምሳሌና እንቈቅልሽ በውስጡ አኖሩ። እነዚህ ከክርስትና በፊት የተነገሩ፥ ከሚስዮን ያልመጡ ቃላት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች እምነታቸው ጽኑ ስለ ነበረ የሕዝቡን ቃል አልፈሩትም። የሌላውን ቃል የሚፈራ ብዙ ጊዜ በራሱ እምነት ያልጸና ሰው ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፥ የሰውን መጽሐፍ ስታነቡ ሦስት ነገር አትርሱ። መጀመሪያ፥ መብራታችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ሃይማኖቱን በር ላይ የጣለ ሰው በጨለማ ይዳብሳል። ሁለተኛ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ግማሽ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ሁለቱንም ባለጉዳዮች ይበድላል። ሦስተኛ፥ ለወገናችሁ የምትጠይቁትን ፍትሕ ለማታውቁትም ሰው ጠይቁ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደ ተባለ፥ ያላነበባችሁትን ሕዝብ ልትወድዱት አትችሉም። ባልንጀራችሁም በራሱ መብራት ሲያነብ ብታዩት መብራቱን አታጥፉበት፤ እርሱ በሚያየው በኩል እናንተ ያላያችሁት ቃል ይገኛልና ጠይቁት።