የነገሌ ውኃ፣ የአዲስ አበባ ቤንዚንና የተሳፋሪው ዝምታ

የካቲት በመጣ ቁጥር ስለ 1966ቱ አብዮት ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይባላል። የተማሪው ሰልፍ፣ የወሎ ረሃብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የወታደሩ እንቅስቃሴ በየተራ ይነሣሉ። መነሣታቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያ ታላቅ ማዕበል ገንፍሎ የወጣው በሁለት ተራ በሚመስሉ ነገሮች እንደ ነበር ቆም ብሎ የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ አንደኛው ውኃ ነው፣ ሁለተኛው ቤንዚን። እኔ ዛሬ ስለ ሁለቱ የማነሣው ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ከቡሌ ሆራ ነው፤ የቀድሞው ስም ከአፉ ያልጠፋ ሰው እስከ ዛሬ ሀገረ ማርያም ከሚላት ከተማ። እዚህ ሰው በየማለዳው መናኸሪያ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚያን ጊዜው ጥያቄ ጋር እንደሚዛመድ ስላመንሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በያኔው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነገሌ ቦረና በነበረው የጦር ሰፈር ነው። የተራው ወታደር የውኃ መሳቢያ ተበላሸ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አዛዦቻቸውን አሥረው አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም በወታደሮቹ እጅ ወድቀው ያንኑ ምግብ እንዲበሉ፣ ያንኑ ውኃ እንዲጠጡ ተደረጉ። በዚያች የቆላ ሰፈር የተፈጸመውን መንግሥት በዝምታ ሊያልፈው ቢሞክርም ወሬው በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛመተ።

ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። በ1966 መጀመሪያ በተቀሰቀሰው የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቀበ። የኢትዮጵያ መንግሥትም የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ። ለታክሲ ነጂዎች ግን በዚያው ልክ ታሪፍ እንዲጨምሩ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ነጂዎቹ ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት መምህራን የትምህርቱን ዘርፍ የማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውም አደባባይ ወጣ። የንጉሣዊው ቤተሰብ ድርሻ የነበረበት የአንበሳ አውቶቡስ በድንጋይ ተመታ። ከተማዋ በእግሯ ሄደች። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ መቀነሱንና የትምህርቱ ዕቅድ መዘግየቱን አስታወቁ፤ ለወታደሩም የደመወዝ ጭማሪ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ነገሌ አዲስ አበባን አነሣሣች ማለቴ አይደለም። የታክሲ ነጂው የተነሣው በኑሮው ነው። የማነጻጽረው ግን ይህን ነው፦ የነገሌው ወታደር የጠየቀው ራሱ ስለሚጠጣው ውኃ ነበር፤ ጠጪውና ጠያቂው አንድ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ግን የጠየቀው ነጂው ነው፤ የመለሰውም መንግሥት። በሁለቱ መካከል በየማለዳው ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚሳፈረው ሰው የት ነበር? በእግሩ እየሄደ ነበር። ሥራ ማቆሙን በልቡ ደግፎ ይሆናል፤ ስሙ ግን በአቤቱታው ላይ የለም። ስለዚህም የቤንዚኑ ዋጋ ሲወርድ ጥያቄው ተመለሰ ተባለ። ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? በየት በኩል ይሂድ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራ? እነዚህ ከቶ አልተጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ብንመረምር ይኸው ቅርጽ ይደጋገማል። የአንበሳ አውቶቡስ ጣሊያን ጥሏቸው በሄደ የጭነት መኪኖች በ1930ዎቹ ተጀመረ፤ ኋላ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላ ተወረሰ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥ ተሳፋሪው ሦስቱንም ጊዜ ተሰልፎ ጠበቀ። በ2003 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቀጠና ተደልድለው ታፔላ እንዲለጥፉ ታዘዙ፤ ክርክሩ የባለ ንብረቱና የትራንስፖርት ቢሮው ነበር። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የቀላል ባቡር በታላቅ ደስታ ተመረቀ፤ ወጪው አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ ግን፣ ‹‹ለምን ቆሙ?›› ብሎ በማኅበር የጠየቀ ተሳፋሪ አላየሁም። በዚያው ዓመት የካቲት 21 ቀን ደግሞ የታክሲ ነጂዎች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ደንቡን ለሦስት ወር አዘገየው። ከ42 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በየካቲት፣ እንደገና ነጂው ጠየቀ፣ መንግሥት መለሰ፣ ተሳፋሪው በእግሩ ሄደ።

ተሳፋሪ መጠየቅ አይችልም የሚል ካለ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1957 ከጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድራ የአውቶቡስ ዋጋ ከአራት ፔኒ ወደ አምስት ፔኒ ሲጨመር፣ ነዋሪው አንሳፈርም ብሎ ለወራት በየቀኑ ወደ ሥራው በእግሩ ተመላለሰ። ጭቆናው በጠናበት በዚያ ዘመን፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ሕዝብ ያችን አንዲት ፔኒ አስመለሰ። አሠሪዎች ለአውቶቡሱ ድጎማ እንዲያዋጡ የሚያስገድድ ሕግም ወጣ። በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ጥቁሮች ከዚያ ቀደም ብለው ለ381 ቀናት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ የዘር መድልዎውን ሕግ አስሽረዋል። ሁለቱም ሕዝቦች በእግራቸው ሄዱ፤ የእኛም ሰው በእግሩ ሄዷል። ልዩነቱ እነዚያ መክረውና ተማምለው መሄዳቸው ነው።

አሁን ወደ ደጃችን ልመለስ። ባለፈው ጊዜ ከዲላ ወደ ቡሌ ሆራ ስመጣ፣ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ገና ይርጋ ጨፌ ሳንደርስ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። የጠራው ዋጋ መናኸሪያው ላይ ከሰማነው እጅጉን ይበልጥ ነበር። በመጨረሻው ወንበር ከቡና ጆንያ ጋር ተጣብበው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ጉጂኛውን ካማርኛ እያቀላቀሉ፣ ‹‹ልጄ፣ መንግሥት የቆረጠው ስንት ነው?›› ብለው ጠየቁ። ረዳቱ፣ ‹‹እማማ፣ ካልተስማማዎት ይውረዱ›› አለ። በመኪናው ውስጥ መምህር ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ እኔም ነበርሁ። ሁላችንም በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትን። አሮጊቷም ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታሪክ ሳይሆን ያ ኀፍረት ነው።

ነጂውን ጠላት ማድረግ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ የደረሰው መፈናቀል፣ ከዚያም የቀጠለው የጸጥታ ችግር በዚህ መንገድ የሚሠራውን ሰው ምን እንዳስከፈለው እናውቃለን። ቤንዚን ፍለጋ ሌሊቱን ተሰልፎ አድሮ፣ ሳይደርሰው ሲቀር በጠርሙስ ከሚቸረችሩት በእጥፍ የሚገዛውን እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ጎማውና መለዋወጫው የት እንደ ደረሰ እናውቃለን። ነጂው ሸክሙን ወደ ተሳፋሪው የሚያወርደው ከእርሱ በታች ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ በጥሞና እንመልከት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ግን የታለመ በተባለው ድጎማ እንዲታቀፉ ወስኗል። የተሰጠው ምክንያት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተሳፋሪ እንዳይጎዳ የሚል ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የወጣው በአሮጊቷ ስም ነው! በስማቸው የወጣው ገንዘብ መድረስ አለመድረሱን እንዲጠይቁ ግን ማንም ወንበር አልሰጣቸውም። ቢሮው ከማኅበራቱ ጋር ይሰበሰባል፤ ማኅበራቱ ደግሞ የባለ ንብረቶች ናቸው። ታሪፉን ቢሮው ያወጣል፤ ረዳቱ ይሽረዋል፤ ተሳፋሪው ይከፍላል።

ለመሆኑ ኢትዮጵያዊ መደራጀት አያውቅምን? ሙታንን የምንቀብረው በዕድር ነው። ገንዘብ የምናጠራቅመው በዕቁብ ነው። ለጽዋ፣ ለደቦ፣ ለለቅሶ ያለ ጠሪ የምንሰበሰብ ሕዝብ፣ በየቀኑ አብረን ለምንሳፈርበት መኪና አንድ ማኅበር አጣን። ሰበቡ ይገባኛል። ዕድርተኛ ጎረቤት ነው፤ ተሳፋሪ ግን መውረጃው ሲደርስ ይበተናል። የአንድ ሰዓት አብሮነት ማኅበር አይሠራም እንላለን። ይሁን እንጂ በአንድ መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለሰው መምህር፣ ነጋዴና ተማሪ ያው ነው፤ ፊቱን እናውቀዋለን።

እኔ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። በየመናኸሪያው በር ላይ የየመሥመሩ ታሪፍ በአማርኛም በኦሮምኛም በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ። ለከፈልነው ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጠን። ታሪፍ በሚወጣበት ስብሰባ የተሳፋሪ ተወካይ ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ አንዲት አሮጊት ‹‹ስንት ነው?›› ብለው ሲጠይቁ፣ ከጎናቸው ሁለተኛ ሰው ይጠይቅ። ሦስተኛው ያኔ አይቸገርም።

የነገሌው ወታደር ውኃውን ራሱ ጠጥቶ፣ ራሱ ቀምሶ፣ ራሱ ጠየቀ። ያ እንቅስቃሴ በኋላ ወደ ምን እንደ ተለወጠ ሁላችንም በሐዘን እናውቀዋለን፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ያነሣው ጥያቄ መጨረሻው በመሣሪያ ሆነ። ለዚህም ነው መሣሪያ የሌለው ተሳፋሪ በሰላም፣ በስሙና በጊዜው መጠየቅን ይማር የምለው። እኔም በሚቀጥለው ጉዞዬ በመስኮት ወደ ውጭ እንዳላይ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።