ሹራ በኡሁድ፣ ጉባኤ በዱቡሻ



በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ቁረይሾች መዲናን ሊወጉ በመጡ ጊዜ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳብ በከተማይቱ ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። በድር ላይ ያልተገኙት ወጣቶች ግን «ወጥተን እንግጠም» አሉ። ረሱልም ሐሳባቸውን ተቀብለው ጥሩራቸውን ለበሱና ወጡ። በኡሁድ ቀስተኞቹ የታዘዙትን ቦታ በመልቀቃቸው 70 ያህል ሶሐባዎች ሸሂድ ሆኑ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ተከታይን ማማከር የሚቀር ይመስል ነበር። የአሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ ግን ይቅር እንዲሏቸውና በጉዳዩ እንዲያማክሯቸው አዘዘ።

ይህን የጋሞ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የእምነቱን ነገር ትተን አመራሩን ብቻ ብናይ፣ ሀላቃ የሚመረጠው በዱቡሻ ነው፤ ሥራውም ጉባኤው የወሰነውን መፈጸም ነው። ካጠፋ የሚወቀሰውም፣ የሚሻረውም በዚያው አደባባይ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ኦቾሎ ጉባኤዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቁጣ የወጣው የአርባ ምንጭ ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩትን አባቶች ሰምቶ የተመለሰው፣ እነርሱም ሕዝቡን ሲሰሙ የኖሩ ስለሆኑ ይመስለኛል።

በእኛ መስጊድ ግን ቅሬታ የሚነገረው ከሰላት በኋላ ጫማ ሲደረግ፣ በሹክሹክታ ነው። ለኮሚቴው የሚደርሰው ከወር በኋላ፣ ያውም ተጣሞ። እኔም ኹጥባዬ ረዝሞ ግማሹ ጀመዓ ሲያንቀላፋ እያየሁ፣ በሩ ላይ ከ«ማሻአላህ» ሌላ ያለኝ ሰው የለም።