ብርድ ከሥርም ይመጣል፦ ለቤት ሠራሽ ፍራሽና ኮምፎርት የጨርቅና የመሙያ አመራረጥ

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ብርድ ይጠነክራል። በዚህ ወቅት አንዳንዱ ቤተሰብ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ሌላው ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ሁለተኛው መንገድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ የመጀመሪያውም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የተኛ ሰው ሙቀቱን የሚያጣው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥርም ነውና። በመሆኑም በቤቱ ፍራሽ ወይም ኮምፎርት ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ከሥር የሚነጠፈውንና ከላይ የሚደረበውን ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

የአካባቢው ብርድ

የአየር ሙቀት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይቀንሳል። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን የተዘረጋችው ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ትገኛለች። በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት በቀላሉ ያመልጣል፤ የሚያግደው ደመና የለም። ከተራሮቹ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ሜዳው ላይ ይተኛል። የቤቱ ወለል ሲሚንቶ ወይም አፈር ከሆነ፣ ወለሉ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ የተኛውን ሰው ሙቀት ይስባል።

ሙቀት የሚይዘው የረጋ አየር ነው

ጥጥም ሆነ ሱፍ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። ሥራው በክሮቹ መካከል አየርን አርግቶ መያዝ ነው፤ የረጋ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የተነፋ ለስላሳ መሙያ ከላይ ሲደረብ ያሞቃል። ያው መሙያ ከሥር ሲነጠፍ ግን በሰውነት ክብደት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል።

በሁለት ዛፎች መካከል በሚወጠር ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ላይ የሚያድሩ ተጓዦች ይህን ችግር የሚፈቱት ኮምፎርቱን ከጀርባቸው ሥር በማንጠፍ ሳይሆን ከአልጋው ውጭ፣ በታች በኩል በማንጠልጠል ነው። ክብደት ስለማያርፍበት አይጨፈለቅም። በጠፍር አልጋና በሽቦ አልጋ ላይም ቀዝቃዛ አየር ከሥር ስለሚገባ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ ከአልጋው በታች በኩል አስጠግቶ ማሰር አየሩን ይገታል።

ከሥር የሚነጠፍ

ከሥር የሚመረጠው ክብደት የሚችል መሙያ ነው። ከነፀጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ፣ አጎዛ፣ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የበግ ፀጉር ጥምዝምዝ በመሆኑ ተጭኖ ሲለቀቅ ተመልሶ ይነሣል። ጥጥ ሲጠቀም ምቹ ቢሆንም ውሎ አድሮ ይጠቀጠቃል፤ በየጊዜው ፈትቶ ማፍታታትና ፀሐይ ማስመታት ያስፈልገዋል። ስፖንጅ ሲገዛ ከውፍረቱ ይልቅ ጥግግቱን መመልከት ይበጃል። በእጅ ተጭኖ ወዲያው የማይመለስ ስፖንጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግባል። በደንብ የደረቀ ጭድ ወይም ሣር በርካሽ ያሞቃል፤ እርጥበት ከነካው ግን ስለሚሻግት መቀየር አለበት።

ወለል ላይ ለሚተኛ ሰው ከፍራሹ ሥር ሁለትና ሦስት ድርብ ካርቶን ማንጠፍ ጠቃሚ ነው። በካርቶኑ ማዕበላማ ሽፋን ውስጥ አየር ታምቆ ይኖራል። ወለሉ እርጥበት ካለው ፕላስቲክ ከካርቶኑ በታች ይነጠፋል። ፕላስቲክን ከሰውነት አጠገብ ማድረግ ግን ላብ አጠራቅሞ መኝታውን ያርሳል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 ጊዜ በላይ በበለጠ ያስተላልፋል።

ከላይ የሚደረብ

አራት ድርብ የሆነው ጋቢና ከእርሱ የሚወፍረው ቡሉኮ የሚያሞቁት በድርቦቹ መካከል በሚቀረው አየር ነው። ነፋስ በሚገባበት ቤት ከላያቸው ጥቅጥቅ ያለ አንሶላ ቢጨመር ይበልጥ ያሞቃሉ። በሰሜን ሸዋ መንዝ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና ከባድ ቢሆንም ለደጋ ብርድ የተሠራ ነው። ሱፍ ከራሱ ክብደት 30 በመቶ ገደማ እርጥበት ቢይዝም እንደ ጥጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ፋይበር የሚባለው የፖሊስተር መሙያ ውሃ አይመጥም፣ ቀላል ነው፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል።

የሽፋን ጨርቅ

ለሽፋን አቡጀዲ ወይም ፖፕሊን ይበቃል። ጨርቁን አፍ ላይ አድርጎ እፍ በማለት ጥግግቱን መፈተን ይቻላል፤ ትንፋሹ በቀላሉ ካለፈ ብርድም ያልፋል፣ መሙያውም ይወጣል። የክሩን ዓይነት ለማወቅ ጥቂት ክር ከሌላ ነገር አርቆ ማቃጠል ይረዳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል።

ልክና ስፌት

150 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፎርት ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም ፋይበር ቢሞላ 900 ግራም፣ 400 ግራም ቢሞላ 1.2 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ሽፋኑ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ቢደርቅ በኋላ ተሸብሽቦ መሙያውን አያጨማድድም። መሙያው ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ ስፌት ያስፈልጋል። ይሁንና ስፌቱ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ስለሚሳሳ መስመሮቹን ማቀራረብና ክሩን ማጥበቅ ሙቀት ይቀንሳል።

ጥንቃቄ

ስፖንጅና ፖሊስተር እሳት በቀላሉ ስለሚይዛቸው ከሻማ፣ ከኩራዝና ከምድጃ መራቅ አለባቸው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ለስላሳና ልል በሆነ ኮምፎርት ላይ ወይም ሥር መተኛት የለበትም፤ ሊታፈን ይችላል። ለሕፃን የሚበጀው ጠንከር ያለ ፍራሽና ሞቅ ያለ ልብስ ነው። ያገለገለ ፍራሽ ወይም ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመሙያ የሚጠቀም ሰው ትኋንና ቁንጫ እንዳያስገባ አስቀድሞ በፈላ ውሃ አጥቦ በፀሐይ ሊያደርቀው ይገባል።

ከሁሉም በላይ፣ መኝታው የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ከሰሉ አመድ ለብሶ ጭሱ መጥፋቱም ከአደጋው ነፃ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።