«ሲሊ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ከክብር ወደ ነቀፋ የወረደበት ታሪክ

በዛሬው እንግሊዝኛ «ሲሊ» ማለት ቂል ወይም ሞኝ ማለት ነው። የቃሉ አመጣጥ ሲመረመር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። እስከ 1100 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሳል» የሚለው ስም መልካም ጊዜ፥ ደስታ ማለት ነበር። በዚህ ስም ላይ «ኢግ» የተባለው ባዕድ መድረሻ ሲጨመር «ሳሊግ» የሚል ቅጽል ይወጣል፤ ትርጓሜውም ደስተኛ፥ ብፁዕ ማለት ነው። የጀርመንኛው ወንድሙ «ዜሊግ» ብፁዕ የሚለውን ትርጓሜ እስከ ዛሬ ድረስ ይዞ ይኖራል።

ከጊዜ በኋላ የመድረሻው «ግ» ከአነጋገር ጠፍቶ ቃሉ «ሴሊ» ሆነ። ትርጓሜውም ደረጃ በደረጃ ወረደ። ብፁዕ ሰው ልቡ ንጹሕ ነው፤ ልቡ ንጹሕ የሆነ ተንኰል አያውቅም፤ ተንኰል የማያውቅ በቀላሉ ይጠቃል፤ የሚጠቃም ያሳዝናል። በ1400 የሞተው ባለቅኔ ቾሰር «የባለወፍጮው ተረት» በተባለው ሥራው ሚስቱ ያታለለችውን አናጢ በዚህ ቃል ይጠራዋል፤ በዚያም ስፍራ ኀዘኔታና ፌዝ ተደባልቀው ይገኛሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሼክስፒር ስለ በጎች ሲናገርበት ቃሉ ረዳት የሌላቸው ማለት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሞኝ የሚለው ትርጓሜ ገብቶ ነበርና፥ ውሎ አድሮ የቀደሙትን አስለቅቆ ዋነኛ ሆነ።

ታዲያ ጥፋቱ የባዕድ መድረሻው ነውን? አይደለም። ቅዱስ ማለት የሆነው «ሆሊ» የተሠራው በዚያው መድረሻ ነው። ጥንት «ሃሊግ» ይባል ነበር፤ እርሱም «ግ»ን አጥቷል፥ ክብሩን ግን አላጣም። እንግዲህ የተለወጠው ሰዎች ተንኰል ለሌለው ሰው የሚሰጡት ግምት ነው። በእኛም ዘንድ ከግዕዝ የወረስነው «የዋህ» ተመሳሳይ መንገድ ጀምሯል። ፍችው ገርና ትሑት ሲሆን፥ ዛሬ «አንተ የዋህ!» የተባለ ሰው መመስገኑን ይጠራጠራል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የድሮ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያነብ በዛሬው ፍች ብቻ ቢመራ፥ ጸሐፊው ያዘነላትን መበለት የሰደባት ይመስለዋል። በቃል የተጀመረው ስሕተትም በሰው ላይ ፍርድ ሆኖ ይቀራል። እንግዲያውስ የቃሉን ፍች ከመፈለግ አስቀድሞ ቃሉ የተጻፈበትን ዘመን መጠየቅ ይገባል።